አሥር ውሻ፣ አንድ ብልቃጥ

ጅማ ውስጥ ላም ስትታመም ወዴት እንደምትወሰድ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ባለሱቁም የባጃጅ ሾፌሩም የእርሻ ኮሌጁን አቅጣጫ በእጁ ያሳያችኋል። ውሻ ሲታመም ግን ያው ሰው ፈገግ ብሎ፣ "ውሻ ደግሞ ይታከማል እንዴ?" ይላችኋል። በክፋት አይደለም። አብዛኞቻችን ውሻ የምናሳድገው ሌሊት እንዲጮኽልን ነው። እስከጮኸ ድረስ ጤናው ትዝ አይለንም፤ መጮኽ ሲያቆም ደግሞ ረፍዷል። ቋንቋችንም ለውሻ አይራራም፤ ጠያቂና ካሳ ያጣ ደም "ደመ ከልብ" ነው የሚባለው።

በዚህ ወር ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ውሻ ፍቅር ሳይሆን ስለ ወጪ ነው። ጊንጆ ጉዱሩን በመሰለ ሰፈር የሚኖር፣ ከደመወዙ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ከፍሎ የተረፈችውን በጥንቃቄ የሚያብቃቃ ቤተሰብ ውሻውንና ድመቱን በአቅሙ እንዴት ያሳክማል? ውሻዋን እንደ ልጅም እንደ ዘበኛም ይዛ ብቻዋን የምትኖር ጡረተኛስ? ብዙው መፍትሔ ቅርባችን እንዳለ፣ የጎደለው ግን ተሰባስበን መሄዳችን እንደሆነ ላሳያችሁ።

በቅድሚያ ያለውን እንወቅ

ጅማ በዚህ በኩል የታደለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተው ተቋም ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት በመሆኑ ክሊኒክ አለው። በሬው፣ በጉ፣ አህያውና የጋሪ ፈረሱ ይበዛበታል እንጂ ለውሻና ለድመት የተዘጋ በር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፤ ተማሪዎቹ ከክፍል ወጥተው ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ ይሠራሉ። የሰፈር ሰው ተሰብስቦ "እኛም ጋ ኑልን" ቢል እንግዳ ጥያቄ አይሆንባቸውም።

ሁለተኛው የመንግሥት የእንስሳት ጤና አገልግሎት ነው። አጋሮ፣ ሰቃ ጨቆርሳ ወይም ሊሙ ገነት የምትኖሩ አንባቢያን ወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ። አዲስ አበባ ያላችሁም የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቁ ወደ ግል ክሊኒክ አትሩጡ። የግል ክሊኒኮች ጥሩ ሥራ ይሠራሉ፤ ለመደበኛ ክትባት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የመንግሥቱ በር ላይ ቢሆን ኪስ አይጎዳም።

ሦስተኛው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ገንዘብ ለማዳን ብለን ከቤታችን ሣጥን የሰው መድኃኒት አውጥተን ለእንስሳ መስጠት አይገባንም። ለእኛ ራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ለዚያውም አንድ ፍሬ ይበቃል። መድኃኒቱን የምትገዙት ባለሙያ አይቶ ካዘዘ በኋላ ይሁን።

ወጪው የት ነው ያለው?

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛ አንድን አገልግሎት ለምን እንደማይጠቀም ስንጠይቅ "ውድ ነው" ይለናል። ቀረብ ብለን ስናጣራ ግን ብዙ ጊዜ ያስወደደበት ዋጋው ሳይሆን መንገዱና ጣጣው ሆኖ እናገኘዋለን። የውሻ ሕክምናም እንዲሁ ነው።

እስቲ እናስላው። ውሻ የያዘ ሰው ባጃጅ ሲያስቆም ሾፌሩ ወይ እምቢ ይላል ወይ ኮንትራት ይጠይቃል። ከሥራ የግማሽ ቀን ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ በገመድ መሄድ ስላልለመደ የሚይዘው ጉልበተኛ ሰው ይፈለጋል፤ ለእሱም የሻይ መስጠት አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከመርፌው ዋጋ ይበልጣል።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የብልቃጥ ጉዳይ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ለአንድ ውሻ በሚበቃ ብልቃጥም፣ አሥር ውሻ በሚከትብ ብልቃጥም ይመጣል። ትልቁ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ይረክሳል። ነገር ግን ክትባቱ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ነው፤ አንዴ ከተከፈተም በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ለነገ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ውሻ ይዞ ሲመጣ ባለሙያው ይቸገራል። ለአንድ ውሻ ብሎ ትልቁን ብልቃጥ ከከፈተ ዘጠኝ ውሻ የሚከትብ መድኃኒት ይደፋል፤ ካልከፈተ ደግሞ ባለቤቱን "ሌሎች ሲመጡ ተመለስ" ማለት ሊኖርበት ነው። በየተራ ሄደን በየተራ የምንመለሰው ለዚህ ነው። አሥር ሰዎች በአንድ ጠዋት ብንመጣ ግን አሥራችንም ባነሰ ዋጋ እናስከትባለን።

የእኛ መንደር

በመንደራችን ነገሩ የተነሣው በንክሻ ነው። ዳቦ ሊገዛ የወጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሩ ክፍት ከነበረ ግቢ በወጣ ውሻ ባቱን ተነከሰ። ውሻው ክትባት ይኑረው አይኑረው የሚያሳይ ወረቀት አልነበረም። ልጁ ወዲያው ጤና ተቋም ሄዶ በተለያዩ ቀናት የሚሰጠውን ክትባት ጀመረ። ለሰው የሚሰጠው ክትባት ደግሞ ለውሻ ከሚሰጠው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። የልጁ አባት የቀን ሠራተኛ፣ የውሻው ባለቤት ደግሞ መጠነኛ ጡረታ ያላት ባልቴት ናቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ወጪው ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም ቤት ያንን ወር ተጎዳ። ልጁ ደህና ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ግን ለረጅም ጊዜ ቡና አልተጠራሩም። ቡና አለመጠራራት ደግሞ ለጅማ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ያቺው ባልቴት ተነሡና፣ "ልጆቼ፣ ለቀብር ስናዋጣ ኖረን ለአንድ መርፌ ማዋጣት ያቅተናል?" አሉ። የእድሩ ጸሐፊ፣ "እማማ፣ እድር እኮ ለሰው ነው" ቢላቸው፣ "የተነከሰው ማን ሆነና? ሰው አይደለም?" ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ሁለት ወጣቶች በር ለበር ዞረው አሥራ ሦስት ውሻ ቆጠሩ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተነጋግረን አንድ የእሑድ ጠዋት ተቀጠረ። ቦታው የእድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበት ግቢ ሆነ። አሥሩ ውሾች ተከተቡ። አንዱ ባለቤት "የእኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም" ብሎ ቀረ፤ አንዱ ውሻ ገመድ በጥሶ ጠፋ፤ አንዷ ደግሞ ቡችሎቿን ገና መውለዷ ስለነበር ለሌላ ጊዜ ተላለፈች። መክፈል ያልቻሉትን ሦስት ቤቶች የሸፈነው መዋጮው ነው፤ የማን እንደተሸፈነ ከጸሐፊው በቀር ማንም አያውቅም። የሁሉም ሰው ድርሻ ለብቻው ቢሄድ ለባጃጅ ኮንትራት ከሚያወጣው አነሰ።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። ሰው ከሚያዝባቸው አጋጣሚዎች 99 ከመቶ የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ደግሞ 40 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከንክሻው በኋላ ያሉት ቀናት ግን በእጃችን ናቸው።

የቀድሞዎቹ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ፣ ዛሬም ሰፈሩ "ፓስተር" በሚባልበት ተቋም ከበግ አንጎል የተዘጋጀ ክትባት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያንን ሥቃይ የሰሙ አያቶች ውሻ በሩቁ እንድንፈራ ቢያስተምሩን አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ ይህን ለልጆቻችሁ አስተምሩ። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ቡና፣ ቅቤ ወይም ቅጠል አይደረግበት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ። ጸበሉም ዱዓውም አይከለከልም፤ ነገር ግን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ከሞተ ወይም ባሕርዩ ከተለወጠ ግን ለባለሙያው ፈጥናችሁ ንገሩ። እስከዚያው ድረስ የልጁ ክትባት "ውሻውን እንይ" ተብሎ አይዘገይ።

መርዝ ለምን አልጠቀመንም?

በአገራችን ከተሞች ውሻ ሲበዛ የተለመደው መፍትሔ መርዝ ነበር። ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ዳር የተዘረረ ውሻ ያያሉ። መርዙ ባለቤት ያለውንና የሌለውን፣ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም። የሞቱት በለቀቁት ሥጋ ቤትና የቆሻሻ ገንዳ ዙሪያም ከሌላ ሰፈር የመጡ፣ ክትባት የማያውቁ ውሾች ይተካሉ።

ባለሙያዎች የሚሉት በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶ የሚሆኑት ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ነው። ሃያ ውሻ ያለበት መንደር አሥራ አራቱን ካስከተበ ማለት ነው። ሁሉንም መያዝ ባይቻልም ተስፋ አያስቆርጥም። ሜክሲኮ በየዓመቱ በነጻ የሚሰጥ የውሻ ክትባት ዘመቻ ለብዙ ዓመታት ስታካሂድ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት።

ከአገራችን ደግሞ ባሌን እዩ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎቻችን ከመንደር ውሾች በሚጋባ በሽታ በተደጋጋሚ አልቀዋል። ስለዚህ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በባሌ ተራሮች ዙሪያ ያሉ የአርብቶና የአርሶ አደር ውሾችን በነጻ ሲከትብ ኖሯል። ሥራው የተጀመረው ቀበሮውን ለማዳን ቢሆንም እረኛውም ልጁም ተጠቅመዋል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው አሠራሩ ነው፤ ውሻው ወደ ክትባቱ እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ ክትባቱ ወደ ውሻው ሄደ። ለጋማ ከብቶችም እንዲሁ ተደርጓል። ዘ ዶንኪ ሳንክቸሪና ብሩክ የተባሉት ድርጅቶች በአገራችን ለብዙ ዓመታት አህያና ፈረስ ሲረዱ የቆዩት የእንስሳው ጤና የባለቤቱ እንጀራ መሆኑን ስለተረዱ ነው።

እንዴት እንጀምር?

መንደራችሁ ውስጥ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ቁጠሩ። ስንት ውሻና ድመት እንዳለ፣ ዕድሜያቸውን፣ መቼ እንደተከተቡ በአንድ ደብተር ጻፉ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያው በሚነግራችሁ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ይደገማል። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛታልና አትርሷት።

ቀጥሎ ባለሙያውን አነጋግሩ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ ብልቃጡ ስንት እንስሳ ይከትባል፣ ለስንት ውሻ ብትሰበሰቡ ሰፈራችሁ ድረስ ይመጣል፣ በዚያው ቀን የትል መድኃኒት አብሮ መስጠት ይችላል።

ገንዘቡን በእድር ወይም በመንደር ኮሚቴ ሰብስቡ። ሁሉም እኩል ያዋጣ አትበሉ፤ አቅም የሌለው ሳያፍር ውሻውን ይዞ የሚመጣበት መንገድ ይኑር። ብቻውን ለሚኖር አረጋዊ ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ ውሻውን ይዞለት የሚሄድ ጎረምሳ ይመደብለት። ሆስፒታል ሲተኛም ውሻውን ማን እንደሚያበላለት አስቀድሞ ይነገር። ብዙ አዛውንት ሕክምና የሚያዘገዩት "ግቢዬን ለማን ጥዬ?" እያሉ ነው።

በዕለቱ ውሻውን የሚይዘው የሚያውቀው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ልጅ አይያዝ። አፉን በሰፊ ጨርቅ ላላ ሳይል፣ ግን ሳያፍነው እሰሩለት። ውሾቹ አንድ ላይ እንዳይናከሱ በተለያየ ሰዓት ቅጠሩ። ሁሉም የክትባት ካርድ ይውሰድ፤ ካርዱ ከቤት ካርታና ከልደት ሰርተፍኬት ጋር ይቀመጥ። ለተከተበው ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ብታስሩለት ጎረቤትም ያውቀዋል።

የማኮላሸትንም ጉዳይ አንሡ። በዓመት ሁለት ጊዜ የምትወልድ ውሻ ያለበት መንደር ቡችላ በማዳበሪያ ከረጢት እየተጣለ መኖሩ አይቀርም። ሁለት ሦስት ቤት ሆናችሁ ብትጠይቁ ከአንድ ሰው ይልቅ ትሰማላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። በፋሲካም በአረፋም በግ ስናርድ ከጉበቱና ከሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲገኝ ቆርጠን ለውሻ እንጥላለን። ይህ የትል ቋጠሮ ነው። ውሻው በጥሬው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅና በአትክልት በኩል ወደ ልጆቻችን ይመለሳል። ሰው ጉበት ላይ የሚወጣውን ቋጠሮ ለማውጣት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ወይ ቅበሩት፣ ወይ በደንብ ቀቅሉት።

የሃይማኖት ጥያቄ

ጅማ ላይ ይህን ሐሳብ ሳነሣ ከሚገጥሙኝ ጥያቄዎች አንዱ፣ "እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ውሻ ቤታችን አናስገባም፤ ምን አገባን?" የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን የሰጡኝ አንድ የሰፈራችን ሼህ ናቸው። ውሻን ከቤት ውጭ ማኖር አንድ ነገር ነው፤ ታሞ እንዲሠቃይ መተው ሌላ ነገር ነው አሉኝ። ከዚያም ውሃ የጠማውን ውሻ አይቶ ወደ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ስላጠጣውና ስለዚያ ምሕረት ስላገኘው ሰው የሚተርከውን ሐዲስ አስታወሱኝ። እሑድ ዕለት ውሻ የሌላቸው እሳቸው ናቸው የእድሩን ግቢ በር በጠዋት የከፈቱልን። ውሻ የሌለው ቤት ልጅ አለውና መዋጮው እሱንም ይመለከተዋል።

በየዓመቱ መስከረም ወር ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይታሰባል። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚከበር ሲሆን ቀኑ የተመረጠው ክትባቱን የሠራው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት በመሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18፣ የመስቀል ማግሥት ይውላል። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ሌላ ቀን ከምትፈልጉ ይህን ያዙ፤ ለመርሳትም ያስቸግራል። እስከዚያው ዛሬ ማታ ውሾቹ መጮኽ ሲጀምሩ ከየትኛው ግቢ እንደሆነ አዳምጣችሁ ቁጠሩ። አሥር ከሞሉ ብልቃጡ ሞልቷል፤ ካልሞሉም የቀጣዩን መንደር እድር ጸሐፊ ቡና ጥሩት።